የቆመ ይሰምጣል

የተቃጠለ ቀንድ ሽታ ለፎገራ ሰው እንግዳ አይደለም። ቀንድ በእሳት አለዝቦ ዋንጫ የሚሠራ ሰው በየአገሩ አለ። ያን ዓመት ግን ሽታው የሚመጣው ከወረታ ወደ ሐሙሲት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ወንድሜ ከሚነዳው ዶዘር ሆድ ውስጥ ነበር።

ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ልጨርስ አንድ ዓመት ሲቀረኝ ለማስተማር አገልግሎት ተላክሁና የደረሰኝ ቦታ የተወለድሁባት ወረታ ሆነች። ጠዋት አስተምራለሁ፤ ከቀትር በኋላ ክፍሉን ሌላ አስተማሪ ይረከበኛል። ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት ለተማሪዎቼ ጀርባዬን ሰጥቼ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ነው የጨረስሁት። የማላውቀው ሰው ሰላም ሲለኝ መልሱ አፌ ውስጥ እያለ ሰውየው ያልፋል።

ወንድሜ ግን እንደኔ አይደለም። እስከ ሃያ ሁለት ዓመቱ ገበሬ ነበር። የመንገድ ሥራው ሲመጣ አካፋ ይዞ ገባ፤ ዓመት ሳይሞላው ዶዘር መንዳት ተማረ። መንበሩ ላይ በወጣ በሳምንቱ ያለውን አንድ በሬ አብሮት ጥማድ ለሚያቀናጀው ጎረቤት ለቀቀለት፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይም በሰው ፊት «ከእንግዲህ እርፍ ብጨብጥ እጄ ይድረቅ» ብሎ ማለ። ስለዚህ ከዶዘሩ ቢወርድ የሚመለስበት ማሳም በሬም አልነበረውም። መሐላውን ደግሞ ያልሰማ ሰው አልነበረም።

በኅዳር መጀመሪያ የዶዘሩ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ ተቃጥሎ ነበር። ፍሪሲዮን ማለት ሞተሩን ከሰንሰለቶቹ ጋር የሚያገናኘውና የሚለያየው ነገር ነው። ነጂው አንድ ረጅም የብረት እጀታ ወደፊት ሲገፋ ሞተሩ ብቻውን ይዞራል፤ ወደራሱ ሲስብ ሰንሰለቶቹ ይነሣሉ። በመካከሉ ሸራ የሚሉት ቀለበት አለ፤ የሚቃጠለው እሱ ነው። መጀመሪያ ሲቃጠል የመንገድ ሥራው አለቃ ዝም አለ። ሁለተኛው ሲቃጠል ወንድሜን ጠርቶ፣ «ሦስተኛ ሸራ ካቃጠልህ ወርደህ አካፋህን ታነሣለህ። ሁለተኛ አልነግርህም» አለው።

ወንድሜ ይህን የነገረን እራት ስንበላ ነው። እጁን ሳይታጠብ ተቀመጠ፤ እናቴ ውኃውን እንደያዘች ቆመች።

«ሰው ነው የሚያቃጥልብኝ» አለ።

«የምን ሰው ነው ልጄ?»

«መካኒኩ ነዋ። ያ ከሸዋ ደጋ የመጣው ረጅሙ። መንበሩን ለሚስቱ ወንድም ይፈልገዋል አሉ።»

«ማን አለ?» አልሁ።

«ሁሉም ይላል። ደግሞም ሳይነግሩኝ አውቀዋለሁ። ማርሽ በቀየርሁ ቁጥር ቀና ብሎ ያየኛል። ሰው ሥራውን እየሠራ ምን ብሎ የሌላውን እጅ ያያል?»

«ኧረ የሰው ዓይን!» አለች እናቴ፣ ውኃውን ባንድ ጊዜ እጁ ላይ እየደፋችው።

በማግስቱ ወንድሜ ከዶዘሩ ጋር የመጣውን መጽሐፍ አመጣልኝ። እንግሊዝኛ ስለሆነ ማንም አልገለጠውም ነበር፤ ገጹ ገና እንደተጣበቀ ነው። «ሸራን ምን እንደሚያቃጥለው ካለ ፈልጊልኝ» አለኝ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደጃፍ ተቀምጬ አነበብሁ። ብዙው ቃል አዲስ ሆነብኝ፣ ግን አንድ ቦታ ቁልጭ ብሎ ገባኝ። ሸራው ደረቅ መሆን አለበት ይላል። ዘይት ከነካው ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት ይግላል፣ ሲግል ይቃጠላል። እዚያ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። የምፈልገውን ያገኘሁ መሰለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የወንድሜን ምሳ የምወስደው እኔ ሆንሁ። አገልግሉን አደርስና የተማሪዎቼን ደብተር ይዤ ከመንገዱ ዳር ካለው ሾላ ሥር እቀመጣለሁ። ቀይ እስክሪብቶ በእጄ ነው፤ ዓይኔ ግን ዶዘሩ ላይ ነው። የክረምቱ ጎርፍ ከሜዳው ከሸሸ ጥቂት ሳምንት ሆኖታል። ከላይ መሬቱ ደርቆ ተሰንጥቋል፤ ከሥር ግን ገና ጭቃ ነው፤ ሰው ሽምብራና ጓያ የሚዘራውም በዚያ ርጥበት ነው። ዶዘሩ ከሜዳው ጥቁር አፈር እየገፋ ከፍ ወዳለው የመንገዱ ሙሌት ያወጣል፤ ወደኋላ ይመለሳል፤ ደግሞ ይገፋል። ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ነው፤ ወደፊት፣ ወደኋላ።

በሦስተኛው ቀን አየሁት። ወንድሜ ከሠራተኞቹ ጋር ምሳ ሊበላ ሲወርድ መካኒኩ ብቻውን ወደ ዶዘሩ መጣ። ግራ ቀኙን አየ። ከመንበሩ ሥር ያለውን ክዳን ከፈተና አፉ የቀጠነ የዘይት ማንቆርቆሪያ አስገብቶ ትንሽ አንጠባጠበ። ክዳኑን ዘጋ፣ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ሄደ። በማግስቱም እንዲሁ አደረገ። ከዚያ በኋላ ባለውም ቀን። ሁልጊዜ በምሳ ሰዓት፣ ሁልጊዜ ብቻውን። በደብተሬ ጀርባ ላይ ቀኑን እየጻፍሁ ያዝሁ።

አንድ ቀን ሲመለስ በሾላው በኩል አለፈና ቆመ።

«እንደምን ዋሉ፣ መምህርት።»

አቀረቀርሁ።

«አንድ ነገር ልነግርዎ ነበር። ወንድምዎ እኔን አይሰማኝም። እርስዎን ግን...»

ያየሁትን አውቋል፣ ሊሸነግለኝ ነው ብዬ ደብተሮቼን ሰብስቤ ተነሣሁ። «ቸኩያለሁ» ያልሁ ይመስለኛል። ዞሬ ሳላይ ሄድሁ። የሚሸሽ ሰው የሚመስለው በደለኛ እንደሆነ ያን ጊዜ አላሰብሁም፤ በደለኛው እሱ ነው ብዬ ነበርና።

ማታውን ለእናቴ ያየሁትን ነገርኋት። ለወንድሜ ለመንገር ፈራሁ፤ ይመታዋል ብዬ። እናቴ ግን ለሱም ነገረችው፣ ለሌላም ነገረች። በሳምንቱ ወረታ ውስጥ ያልሰማ አልቀረም። ለመካኒኩ ወተት የምታቀርብለት ሴት «ላሚቱ ነጥፋለች» አለችው። ያከራየችው ባልቴት ለልጇ ሠርግ ቤቱን እንደምትፈልገው ነገረችው፤ ልጇ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ነው። መካኒኩ ዕቃውን ተሸክሞ የመንገድ ሥራው የዕቃ ድንኳን ውስጥ፣ ከናፍጣ በርሜሎቹ ጎን ገባ። ይህን ስሰማ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። በማስረጃ የተያዘ ሌባ መሰለኝ።

ወንድሜ ደግሞ ዶዘሩን ጠበቀ። ከመንበሩ መውረድ ተወ። ምሳውን ከላይ ተቀምጦ ይበላል፤ መካኒኩ ሲጠጋ ድንጋይ ያነሣል።

«እንግዲህ ይምጣና ይሞክር!» ይላል ጉርሻውን እንደያዘ። «ዘይት የሚያጠጣ መካኒክ! ዶዘሩ የታመመ አህያ ነው እንዴ?»

ሠራተኞቹ ይስቃሉ። መካኒኩ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ይመለሳል።

እንዲህ ሰባት ቀን ሆነ። በአራተኛው ቀን ከዶዘሩ ሆድ ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ መጣ። በሰባተኛው ቀን ከቀትር በኋላ፣ ደብተር ሳርም፣ ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። የተቃጠለ ቀንድ።

ቀይ እስክሪብቶዬን አስቀመጥሁ። በዚህ ሰባት ቀን መካኒኩ ወደ ዶዘሩ አልደረሰም። ሌላም ሰው አልደረሰም። እኔ ራሴ ምስክር ነኝ፤ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ዶዘሩን የነካ አንድ እጅ ብቻ ነው። ያን እጅ ደግሞ እስከዚያ ሰዓት ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁትም ነበር።

አሁን አየሁት። ወንድሜ አፈሩን ሙሌቱ ላይ አደረሰ። እጀታውን ወደፊት ገፋ፤ ዶዘሩ ግን ገና እየተንፏቀቀ ነው። ሰንሰለቶቹ ሳይቆሙ የኋላውን ማርሽ አስገባ፤ ብረት ከብረት ሲፋጭ ሾላው ሥር ድረስ ተሰማኝ። ከዚያ እጀታውን ባንድ ጊዜ አልሳበውም። ቀስ፣ ቀስ አድርጎ፣ እያባበለ ሳበው። ዶዘሩ ወደፊት መሄዱን ሳይጨርስ ወደኋላ ተጎተተ። ወንድሜ አንገቱን ወደ ቀኝ ሰበር አድርጎ ትከሻውን አዞረ፤ ከንፈሩም ተንቀሳቀሰ። ምን እንደሚል ባልሰማውም አወቅሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ የትልም ጫፍ ላይ ሲል የሰማሁት ነው። «ተመለስ!»

እኛ አገር ጥማድ በትልም ጫፍ ላይ አይቆምም። አባታችን በሕይወት ሳለ ወንድሜን መጀመሪያ ያስተማረው ይህን ነው። በዋልካ፣ በጥቁሩ ጭቃ ላይ የቆመ በሬ እግሩ ይገባል፤ እግሩ የገባ በሬ ይተኛል፤ የተኛ በሬ ቀኑን ይዞብህ ይሄዳል። ስለዚህ እርፉን ከፍ አድርገህ በሬዎቹን እየሄዱ ታዞራቸዋለህ። ወንድሜ ዶዘሩንም በቀን መቶ ጊዜ እንዲሁ ነበር የሚያዞረው። ሳያቆም።

ቤት ገብቼ መጽሐፉን ገለጥሁ። ከዘጋሁበት ገጽ ቀጥሎ ያለው ገጽ ይላል፤ አቅጣጫ ከመቀየርህ በፊት ፍሪሲዮኑን ጨርሰህ አላቅ፣ ማሽኑ እስኪቆም ጠብቅ፣ ከዚያ ማርሹን አስገባ፣ እጀታውን አታንሸራት። ከሥሩ ሌላ መስመር አለ፤ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ፣ ዘንጉ የሚዞርበት ብረት፣ እንዳይደርቅ በየቀኑ ጥቂት ጠብታ ዘይት ስጠው። መካኒኩ የሚያንጠባጥበው ይህን ኖሯል። ግራ ቀኙን የሚያየው ደግሞ ወንድሜን ፈርቶ ነው።

ወንድሜን መንገድ ላይ ጠበቅሁት።

«ወንድም ዓለም፣ ሸራው የሚቃጠለው ሳታቆም ስለምትመልሰው ይመስለኛል።»

ቆመ። «ምን አልሽ?»

«መጽሐፉ ይላል። ዛሬ አይቼሃለሁ። ቆመህ ነው...»

«ያ ሰውዬ ነው የነገረሽ።»

«እሱ ምንም አላለኝም።»

«ሾላው ሥር ቆሞ ሲያናግርሽ ታይቷል። ሰው ነግሮኛል፤ ዝም ያልሁሽ እኅቴ ናት ብዬ ነው። ምን አለሽ? በየቀኑ ምሳ የምታመጪው ለኔ ነው ለሱ?»

አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ወንድሜ ዝምታዬን አይቶ የጠረጠረው እውነት እንደሆነለት ከዓይኑ አነበብሁ። ለመካኒኩ የሰፋሁለት ልብስ ለራሴም ልክ ሆነ።

በማግስቱ ሽታው አለቃው ዘንድ ደርሶ ነበር። አገልግሉን ይዤ ስደርስ ዶዘሩ ሞተሩ ጠፍቶ ቆሟል፤ አርባ የሚሆኑ የቀን ሠራተኞች ዙሪያውን ከበዋል። አለቃው በዕድሜ የገፋ፣ ባርኔጣውን ከራሱ የማያወርድ ሰው ነው። መካኒኩ ክዳኑን ሊከፍት ሲጎነበስ ወንድሜ ከላይ ጮኸ።

«አይንካው! አለቃ፣ የሚያቃጥለው እሱ ነው። ዘይት እየጨመረበት ነው። ምስክር አለኝ፤ እኅቴ አይታዋለች!»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። አገልግሉ እጄ ላይ ከበደኝ።

«እስቲ ልጄ፣ ያየሽውን ተናገሪ» አለ አለቃው።

አዎ ካልሁ መካኒኩ ይባረራል። አይ ካልሁ ወንድሜ ይወርዳል። አንድ ሳምንት ሙሉ አገር የሚያወራው ከኔ አፍ የወጣውን ነው።

«ማንቆርቆሪያ ሲያስገባ አይቻለሁ» አልሁ። የራሴን ድምፅ ከሩቅ ሰማሁት። «ሸራው ላይ ሲያፈስ ግን አላየሁም። ዘይቱ ለኩሽኔታው ነው። መጽሐፉ እንዲህ ያዝዛል። ሸራውን ከፍተው ይዩት፤ ዘይት ነክቶት እንደሆነ ይታወቃል።»

መካኒኩ ከፈተው። ሸራው ደርቆ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። አለቃው በጣቱ ዳሰሰው፤ ጣቱን አሸተተ፤ ዘይት የለበትም።

«ታዲያ ምን አቃጠለው?»

«ሳይቆም ይመልሰዋል» አልሁ።

«ከቆመ ይሰምጣላ!» አለ ወንድሜ፣ እኔን ሳይሆን አለቃውን እያየ። «ይህ ዋልካ ነው እኮ፣ አለቃ! እንደናንተ አገር ድንጋይ አይደለም!»

«እውነቱን ነው» አለ አንዱ ሽማግሌ ሠራተኛ አካፋውን ተደግፎ። «የቆመ ይሰምጣል።»

«ኧረ ይሰምጣል!» አሉ ሌሎቹም። ሁሉም ገበሬ ነበሩ፤ ይህን የማያምን ከመካከላቸው አንድ አልነበረም። አለቃው ፊታቸውን ተራ በተራ አየ። ምናልባት ተማክረው የሚያሾፉበት መስሎት ይሆናል።

ይህን ጊዜ መካኒኩ ቀና አለ። «እናቁመውና እንየው» አለ።

ወንድሜ ዶዘሩን ከሙሌቱ አውርዶ ሜዳው ውስጥ፣ ራሱ ክፉ ነው ያለው ቦታ ላይ አቆመው። አንዱ ሠራተኛ ከሰንሰለቱ አጠገብ የሸምበቆ እንጨት ተክሎ በጭቃ ምልክት አደረገበት። ሰው ሁሉ እየተጎነበሰ ተቀመጠና ምሳውን ፈታ።

«ቢተኛስ?» አለ አንዱ እንጀራውን እየጠቀለለ።

«ጅራቱን ጠምዝዘህ ታስነሣዋለህ።»

«ጅራቱ የት አለና?»

«መካኒኩ ያውቃል፤ ሆዱን ሲፈትሽ አልከረመም?»

ሰንሰለቱ ሁለት ጣት ወረደ። ሳቁ በረደ። ሦስት ጣት ወረደ፤ ሽማግሌው «እንዲያ ነው!» አለ። አራተኛው ጣት ላይ ቆመ። ምሳው አልቆ፣ አገልግሎች ተከድነው፣ ሰው እጁን ታጥቦም አራተኛው ጣት ላይ ነው። ወንድሜ ማንም ሳያዝዘው ተነሣና ወጣ። ሞተሩን አስነሣ። ከሸራው በተረፈችው፣ እጀታውን ባንድ ጊዜ ጠቅ አድርጎ ሳበው። ዶዘሩ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠና ከጉድጓዱ ወጣ። ማንም አላጨበጨበም። ሽማግሌው አካፋውን አንሥቶ፣ «ብረት ነዋ፣ ብረት» እያለ ወደ ሥራው ሄደ።

አለቃው ባርኔጣውን አስተካከለ። «እንግዲህ ሦስተኛ ነው። ተናግሬያለሁ።»

ወንድሜ መንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። እጁ እጀታው ላይ ነው። ወደ ቤታችን፣ ወደ እርሻችን በኩል አየ፤ አሁን ሌላ ሰው የሚያርሰው እርሻ ነው።

«አለቃ» አለ መካኒኩ። «ይኼኛውን አይቁጠሩበት። ኩሽኔታው ሰባት ቀን ዘይት አላገኘም። ሸራውን የበላው አነዳዱ ይሁን ደረቁ ኩሽኔታ መለየት አልችልም።»

«ለምን ነው ሰባት ቀን ዘይት ያላገኘው? ሥራው የማን ነው?»

መካኒኩ ወንድሜን አላየም። እኔንም አላየም። «ሥራው የኔ ነው። ሳልደርስበት ቀረሁ» አለ።

ለምን እንዳልደረሰበት አውቃለሁ። አርባዎቹም ያውቃሉ፤ ድንጋዩን አይተዋል። የተናገረ ግን የለም። አንድ ጊዜ ድምፄን አውጥቼ ስለነበር ሁለተኛው ይቀል ነበር፤ ከከንፈሬ የሚጠበቀው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ከተናገርሁ ግን ጥፋቱ ሁሉ ተመልሶ ወንድሜ ላይ ይወድቃል፤ ወንድሜም ይወርዳል። አገልግሉን በሁለት እጄ ይዤ ቆምሁ።

ወንድሜ መንበሩ ላይ ቀረ። መካኒኩ በታኅሣሥ ሌላ ጣቢያ ተመደበ፤ በቸልተኝነት ተብሎ ነው። በሄደበት ጠዋት የጭነት መኪናው ላይ ሲወጣ ከትምህርት ቤቱ አጥር በኩል አየሁት። ሰላም ሊለኝ ራሱን ዝቅ ሲያደርግ እኔም ዝቅ አደረግሁ። ያ ብቻ ነው።

ለእናቴ ሰውየው ንጹሕ እንደነበር ነገርኋት። «ታዲያ ለምን ተዛወረ?» አለችኝ። አከራይቱ ዘንድ ሄጄም ነገርሁ። ባልቴቲቱ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ስታዳምጠኝ ቆየችና፣ «እንዲህ የምትሟገችለት ምንሽ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ወንድሜ አሁን ያቆማል። እጀታውን ይገፋል፣ ሰንሰለቶቹ ጸጥ እስኪሉ ይጠብቃል፣ ጎንበስ ብሎ ጭቃውን ያያል፣ ከዚያ ነው ማርሽ የሚያስገባው። ሸራ አላቃጠለም። ስለዚያ ቀን ሰው ሲያነሣ እናቴ፣ «ልጄ ዓይነ አፋር ናት፤ እዚያ መካከል ያን ያህል መናገሯም ተአምር ነው» ትላለች። እኔም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ አልሁ። ዓይነ አፋር ስለሆንሁ ነው ዝም ያልሁት አልሁ። ዛሬ ይህን ስጽፍ ግን አላምነውም። ያን ቀን አልፈራሁም ነበር። ጉሮሮዬ ክፍት ነበር፣ ቃሉም ተዘጋጅቶ ነበር፤ ምን እንደሚያስከፍል በደንብ አሰብሁና ዋጥሁት።